የቄስ ወልደ ዮሐንስ ግራ እግር

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ስኳር እንዳለባቸው ከተነገራቸው አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። በአሥራ ሁለት ዓመት ሰው ብዙ ነገር ይለምዳል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጦ መርፌ መውጋት ይለምዳል፤ ድግስ ቤት ጠጅ ሲቀዳ ብርሌውን በመዳፉ ሸፍኖ «ይቅርብኝ» ማለት ይለምዳል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ መቅበር ይለምዳል። የማይለመደው ነገሩ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ሌላው በሽታ ወይ ይለቅቃል ወይ ይወስዳል። ስኳር ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ የዚህን ወር ከፈልህ ማለት የሚመጣውን ወር እንድትከፍል ተፈቀደልህ ማለት ነው።

ተወልደው ያደጉት ጃናሞራ ነው፤ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ፣ በክረምት ጉም የማይገለጥባት መንደር። በአሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርት ፍለጋ ጎንደር ወረዱ፤ ቁራሽ ለምነው ተምረው ዳዊቱን ጨረሱ፣ ዜማውን ቀጸሉ፣ ቅዳሴውን አጠኑ። ዲያቆን ሆኑ፤ የቄስ ልጅ የሆነችውን አባይነሽን በቁርባን አገቡ፤ ቀሰሱ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከቁስቋም በታች ባለች አንዲት ትንሽ ደብር እያገለገሉ ኖሩ። ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። አንዲት ልጃቸው ኮላ ድባ ተድራ እዚያው ትኖራለች። ስለ ሕይወታቸው የሚነገረው ይኸው ነው ቢባል ቅር አይላቸውም። ለሰው ልጅ ይህን ያህል መንገድም ብዙ ነው ብለው የሚያስቡ ሰው ናቸው።

የጤና መድን ደብተር አላቸው። ደብተሩ ሸጋ ነገር ነው። ካርዱን ይሸፍናል፣ ሐኪሙን ይሸፍናል፣ መድኃኒቱም ሲኖር ይሸፍናል። ሳይኖር ግን ባለመድኃኒቷ ማዘዣውን ገልብጣ «ከውጭ» ብላ ትጽፍበታለች። ከውጭ ማለት ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የግል ፋርማሲዎች ማለት ነው። ከውጭ ሲሆን ደብተሩ ዝም ይላል። አንዷ የኢንሱሊን ብልቃጥ ብቻ ከደመወዛቸው ሲሶውን ይዛ ትሄዳለች። በዚያ ላይ መርፌው አለ፤ ስኳር የሚለካበት ወረቀት አለ፤ የዓይን ምርመራ አለ፤ የባጃጅ አለ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ብልቃጧ እንድትቆይላቸው ከታዘዘላቸው ላይ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ መውጋት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። አባይነሽ ታውቃለች፤ እሷም አልተናገረችም። ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ከሚነጋገሩት ይልቅ ተያይተው የሚያልፉት ይበዛል።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ስድስት ቀን፣ በቁስቋም በዓል ነው። ታቦቱን አጅበው በባዶ እግራቸው ዞሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ መደቡ ላይ ተቀመጡ። አባይነሽ ውኃ ይዛ ስትገባ ቆም አለች።

«ቄሴ፣ ምነው ምንጣፉን በደም ነከሩት?»

«ማን? እኔ?»

«ታዲያ ድመቲቱ ናት? እስቲ እግርዎን ያንሡ።»

አነሡ። በግራ እግራቸው፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣ የጠርሙስ ስባሪ ገብቶ ተሰክቷል። ዙሪያው በደምና በአቧራ ጠቁሯል። አባይነሽ በሁለት ጣቷ ይዛ ስትነቅለው ዓይኗን ጨፈነች፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው እንደተገለጠ ነበር። ምንም አልተሰማቸውም። ያንን እግር የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ አዩት። ሰው በገዛ ሥጋው ላይ የሚሆነውን ከሚስቱ አፍ የሚሰማበት ቀን እንደሚመጣ መጽሐፍ ላይ አላነበቡም ነበር።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄዱ። ቁስል የምታጥበው ነርስ ሄለን ትባላለች፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። እጇ ፈጣን፣ አፏ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ ወጣት ናት።

«አባ፣ ነርቩ ሞቷል» አለቻቸው። «እግርዎ ቢቃጠል አያውቁም። ስለዚህ ከእንግዲህ ዓይንዎ ነው የእግርዎ ዘበኛ። አንድ ቀን እየዘለሉ መጥተው ይታጠባሉ። አይረግጡበት። በባዶ እግር መሄድ ቀርቷል። ስኳሩን ጠዋት ጠዋት ይለኩ።»

«በባዶ እግር መሄድ ቀርቷል? እኔ ቄስ ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ቄስ መሆንዎን እግርዎ አያውቅም።»

ሳቁ። ጎዙን፣ ፋሻውን፣ ማጠቢያውን፣ የሚዋጠውን መድኃኒት ጽፋ ሰጠቻቸው። ግማሹ ከውጭ ነበር።

ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ያሰቡት ስለ ብሩ አልነበረም። ደሙን ነበር የሚያስቡት። ደም የሚፈስሰው ሰው መቅደስ አይገባም። ይህን ለማንም ዲያቆን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ አፍንጫው የነሰረውን ዲያቆን በገዛ እጃቸው ከበር መልሰው ያውቃሉ። አሁን ቁስሉ የሳቸው ሆነ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ለደብሩ አለቃ ለመሪጌታ ዕንባቆም ይነግሩና እስኪድኑ ድረስ ከመጋረጃው ውጭ ይቆማሉ። ግን ደግሞ በደብሩ ልማድ በተራ ሳምንቱ፣ በሰሞኑ፣ ያልገባ ቄስ ደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ደመወዙ ከተቆረጠ ኢንሱሊን የለም፤ ኢንሱሊን ከሌለ ቁስሉ አይድንም፤ ቁስሉ ካልዳነ መቅደስ መግባት የለም። በባጃጁ ውስጥ ይህን ነገር እንደ ፈትል ማዳወሪያ ሲያዞሩት፣ ሲያዞሩት ሰፈራቸው ደረሱ። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ለራሳቸውም ያልነገሩት ፍርሃት ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመጋረጃው ወዲያ የኖረ ሰው ከመጋረጃው ወዲህ ማን እንደሚሆን አያውቁትም ነበር።

ደብሯ ትንሽ ስለሆነች ቀሳውስቱ በሁለት ሰሞን ነው የተከፈሉት፤ አንዱ ሳምንት የአንደኛው፣ ቀጣዩ የሌላው። የቄስ ወልደ ዮሐንስ ሰሞን ሲደርስ ዋዜማውን አባይነሽን ጠሩና እግራቸውን ዘረጉላት።

«እሰሪልኝ።»

«አሁን አስሬው የለም?»

«ፋሻው ይደማል። ጠብታ ወለሉን እንዳይነካው። በፌስታል እሰሪው።»

አባይነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሲስተሯ እንዲህ አዝዛለች?»

«ሲስተሯ መቅደስ አትገባም።»

ከገበያ ሽንኩርት ያመጣችበትን ጥቁር ፌስታል አጥባ፣ አድርቃ፣ ከፋሻው በላይ ጠቅልላ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በክር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። በላዩ ላይ ነጭ ካልሲ አለበሰቻቸው። የሚታይ ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ገብተው ቀደሱ። ከመቅደሱ ወለል ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ሲወጡ ደጋግመው ወደ ኋላቸው እያዩ አረጋግጠዋል። በዚያ ሳምንት ለመታጠብም አልሄዱም፤ ፋሻው በተፈታ ቁጥር ቁስሉ ይደማልና። ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውንም አልለኩም፤ ጠብታ ብትሆን ደም ናት። የነቢያት ጾም ስለነበረ ቅዳሴው የሚያልቀው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሳይበሉ መርፌ መውጋት ሰውን እንደሚጥል ስለሚያውቁ የጠዋቱን መርፌም ተዉት። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ነገር በቸልታ የሠሩት የለም። ሁሉን ያደረጉት በጥንቃቄ ነው። ሰው ራሱን ከሚጎዳባቸው መንገዶች ሁሉ በጥንቃቄ እንደሚሄድበት ሩቅ የሚወስደው የለም።

ሰሞኑ አልቆ ወደ ሲስተር ሄለን ሲመለሱ ቁስሉ ነጭ ሆኖ እንደ ረጠበ ዳቦ አብጦ ነበር።

«ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

«ውኃ ውስጥ ነከሩት?»

«አልነከርሁም።»

«ስኳሩን ለክተዋል?»

«ወረቀቱ አለቀብኝ።» ይህ እንኳ ግማሹ እውነት ነበር፤ ከጠርሙሱ ውስጥ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው።

አጠበች፣ ቆረጠች፣ አሰረች። ሌላ መድኃኒት ጻፈች፤ ከበፊቱ የበረታ፣ ከውጭ። ለልደት ይታረዳል ተብሎ ከኮላ ድባ የመጣው በግ ለዚያ መድኃኒት ተሸጠ። አባይነሽ ገመዱን ይዛ ከግቢ ስትወጣ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ዳዊት ይደግሙ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቶ ቁስሉ ትንሽ ደረቅ አለ። ሁለተኛው ሰሞን ደረሰ። ፌስታሉ ታሰረ። ቁስሉ እንደገና ረጠበ። ሌላ መድኃኒት ተገዛ። ሦስተኛው ሰሞን ደረሰ።

በሦስተኛው ሰሞን ዕቃ ቤት ውስጥ ልብሰ ተክህኖ ሲለብሱ ቄስ ዋኘው ጆሮውን አቀና። ዋኘው አብሯቸው የሚቀድስ ጎልማሳ ቄስ ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

«አባ፣ ምን ይንኮሻኮሻል?»

«የት?»

«ከወደ እግርዎ። ከገበያ ነው እንዴ በዚያው የመጡት? ምስር ይዘው ከሆነ ያካፍሉን እንጂ።»

ዲያቆናቱ ሳቁ። ቄስ ወልደ ዮሐንስም ሳቁ፤ «ያንተ ሆድ ነው የሚንኮሻኮሽ፣ ጾሙ ከብዶህ» አሉት። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሲገቡ ግን ዋኘው ከኋላቸው ነበርና ሌላ ነገር ሸተተው። ዕጣን ሲታጠን ሽታው ይጠፋል፤ ጢሱ ሲሳሳ ይመለሳል። ዋኘው ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ሲወጡም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ታኅሣሥ አጋማሹን አልፎ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ አባይነሽ ፋሻውን ስትፈታ ትንሿ ጣት ጠቁራ አገኘቻት። ከጎኗ ያለችውም ሥሯ ሰማያዊ ሆኗል። ነጠላዋን ለበሰችና ባጃጅ ጠራች።

ሲስተር ሄለን አየችና ሐኪሙን ጠራችው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ቀና አለ። «ዛሬ ይተኛሉ፤ ነገ ጠዋት ሁለቱን ጣቶች እናነሣለን» አለ። «አሁን ከሆነ ጣት ነው። ከዘገየ እግሩ ነው።» ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ወጣ።

«እስከ ልደት ብቻ ታገሡኝ» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ለሄለን። «ዘጠኝ ቀን ነው። ከእሑድ ጀምሮ የኔ ሰሞን ነው። አንድ ቄስ ከጎደለ የሚቀድሱት ልኡካን አይሞሉም።»

«አባ፣ እኔ የምታገሠው ነገር አይደለም። ቁስሉን ይለምኑት።»

አጠገባቸው ባለው አግዳሚ ላይ ፋሻ ለማስቀየር ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ተቀምጧል። ውዱ ይባላል። ከመካነ ብርሃን አካባቢ የመጣ ያገራቸው ሰው ነው፤ ከዚህ በፊትም እዚሁ አግዳሚ ላይ ተያይተው ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ተጫውተዋል። የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ አያ ውዱ።»

«አንድ ነገር ልናገር፣ አይቆጡኝ። እኔ ያኔ አውራ ጣቴ ብቻ ነበረች የጠቆረችው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አዝመራው ይሰብሰብ አልሁ። አዝመራው ሲሰበሰብ ጊዜ ደግሞ ማኪና፣ ማደሪያ፣ ያስታማሚ ቀለብ፣ ብር የለም። አንድ በሬ ሸጥሁ። መጥቼ ስተኛ ይኸ አልበቃ አለ፤ ወንድሜ ተመልሶ ሁለተኛውን ሸጠው። በሬዎቼን ሸጬ ነው እግሬን ያስቆረጥሁት። አሁን በሬም የለኝ፣ ባርስም የምቆምበት የለኝ።» ድምፁ የሚያማርር አልነበረም፤ የሩቅ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስላል። «አንቱ ከሆስፒታሉ ሥር ተቀምጠው ዘጠኝ ቀን ይላሉ። እኔ ዘጠኝ ቀን ባገኝ ኖሮ እግዜርን ሌላ አልለምነውም ነበር።»

ሄለን ጎንበስ ብላ ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለውን መሥመር ታይ ነበር፤ ክሩ ቆዳውን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ሰርስሮታል።

«ይህ ምንድን ነው? ፋሻዬ እንዲህ አይሠራም። በምን ነው የሚያስሩት?»

አባይነሽ ከበሩ ጥግ «በፌስታል ነው» አለች። «እኔ ነኝ የማስረው።»

ሄለን እጇን ከቁስሉ ላይ አነሣች። «በምን?»

«እሷ አይደለችም» አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ። «እኔ ነኝ ያዘዝኋት። ደሙ መቅደስ እንዳይወርድ ነው። በሰሞኔ ሳምንት አስራለሁ፣ ቀን እስከ ማታ። መርፌውንም በዚያ ሳምንት ጠዋት አልወጋም። ወረቀቱም ሙሉ በሙሉ አላለቀም ነበር። ዋሽቼሻለሁ፣ ልጄ።»

ሄለን መጀመሪያ የምትቆጣ መሰለች፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ ያዩዋት ያኔ ብቻ ነው።

«እኔ እኮ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ነው የመሰለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ጊዜ የቀየርሁት ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ብር። አየር አጥቶ፣ ታፍኖ፣ በራሱ ውኃ እየበሰበሰ። ምነው አንድ ቀን ቢነግሩኝ፣ አባ?»

ሁለት ሰዓት ብቻ ፈቃድ ጠየቁ፤ ለአለቃው ነግረው ሊመለሱ። ሄለን አባይነሽን «በእጅሽ ይዘሽ እንድትመልሻቸው» ብላ አስማለቻት።

መሪጌታ ዕንባቆም ደጀ ሰላሙ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ወልደ ዮሐንስን ገና ከጃናሞራ ሲመጡ ያስተማሯቸው እሳቸው፣ የንስሐ አባታቸውም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በእርምጃ ድምፅ ሰው ይለያሉ።

«ወልዴ፣ ታነክሳለህ» አሉ ገና ሳይቀርቧቸው።

አባይነሽ ራቅ ብላ ቆመች። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከመሬት ተቀምጠው ሁሉን ተናገሩ። አለቃው አላቋረጧቸውም።

«ስንት ሰሞን ገባህ?»

«ሦስት።»

«ደም ወለሉን ነክቷል?»

«አልነካም፣ የኔታ።»

«ለወለሉ ተጠነቀቅህለት። እግርህን ማን ሠራው? ወለሉን የሠራው ግንበኛ ነው፣ ስሙን አውቀዋለሁ።» በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «ምነው መጥተህ ብትጠይቀኝ?»

«ብጠይቅዎት አትግባ ይሉኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልጠየቅሁ።»

በሽማግሌው ፊት ላይ ቁጣም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር። ሥርዓትን ያስተማረ ሰው ተማሪው ሥርዓቱን ፈርቶ ሲሸሸው የሚሰማው ነገር ስሙ ምን ይባላል? በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው ቀኖናውን ሰጡ።

«ሦስት መቶ ስግደት።»

«በየትኛው እግሬ፣ የኔታ?»

አለቃው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከሩቅ አይለይም ነበር። «እሺ። አርባ ቀን ዳዊት ድገም። ቁጭ ብለህ።»

«ሐኪሞቹ እግርህን ሰቅለህ ትተኛለህ ነው የሚሉኝ።»

«ተኝተህ ድገማ! እግዚአብሔር የተኛ ሰው አይሰማም ያለህ ማነው?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሑድ በአንተ ቦታ እኔ እገባለሁ።»

«ጉልበትዎ…»

«የኔን ጉልበት ለኔ ተወው። ስለ ደመወዝህ ግን ተስፋ አልሰጥህም። ሰበካ ጉባኤው ይነጋገራል። ባለፈው ዓመት ዲያቆኑ ሲታመም ሁለት ወር ሰጥተው አቆሙ። እናገራለሁ፤ ይሰሙኝ እንደሆነ አላውቅም።»

መስቀላቸውን አሳልመው ሸኟቸው። ባጃጁ ውስጥ አባይነሽ «ምን አሉ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ሁሉን ሰምታለች። እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ቆየች። ይህን በአደባባይ አድርጋው አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ጣቶች ተነሡ። ከወገብ በታች ብቻ ስላደነዘዟቸው የብረቱን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ሐኪሙ ሲጨርስ «እግሩ ተርፏል» አላቸው። «ሦስት ቀን ቢቆዩ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንቆርጥ ነበር።» እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉት። ደስታ ጠብቀው ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ነው፤ የስድስት ሳምንት፣ ምናልባትም የአሥራ ሁለት ዓመት ድካም፣ ባንድ ላይ መጥቶ ደረታቸው ላይ ተቀመጠ።

ጣቶቹን በጎዝ ጠቅልለው ለአባይነሽ ሰጧት። እንዲህ ነው ልማዱ፤ ከሰው አካል የተነሣ ነገር ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ቤተሰብም ያስቀብራል። ክርስትና የተነሣ ሥጋ ነውና አይጣልም። አባይነሽ በነጠላዋ ጥግ ቋጥራ፣ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በእግሯ ወደ ደብሩ ሄደች። መሪጌታ ዕንባቆም ከግንቡ ሥር፣ ከአንዲት አሮጌ ጥድ አጠገብ፣ ቄስ ዋኘውን አስቆፍረው ጠበቋት። ጉድጓዷ የክርን ያህል ናት። ዋኘው ከቋጠሮዋ የጎዙን ጥቅል ተቀብሎ አስገባው፤ አፈር መለሰበት።

ከዚያ ሦስቱም ቆሙ። ለሙት የሚደገም ጸሎት አለ፤ ለሕመምተኛ የሚደገምም አለ። ባለቤቱ በሕይወት ላለ ሁለት ጣት የሚሆን ጸሎት ግን መሪጌታው በሰማንያ ዓመታቸው አላጋጠማቸውም። ዋኘው አየት አደረጋቸው። አለቃው ጥቂት አሰቡና «አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉ። ሦስቱም ደገሙ። ዋኘው አፈሩን በእግሩ ሊደለድል እግሩን አነሣና ተወው፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ደለደለው።

አባይነሽ ስትመለስ እኩለ ቀን አልፏል። ባሏ እግራቸው በትራስ ላይ ተሰቅሎ፣ ዳዊቱ ደረታቸው ላይ ተከፍቶ ተኝተዋል።

«የት አደረጋችሁት?»

«ከጥዷ ሥር።»

«ጸሎት ተደረገ?»

«አቡነ ዘበሰማያት።»

አሰቡት። «ይበቃል» አሉ። «እነዚያ ከኔ በፊት አረፉ።»

«ዝም ይበሉ እስቲ፣ ቄሴ።»

ሲስተር ሄለን ፋሻውን ልታይ መጣች። አየችው፤ ሸጋ ነው አለች። ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለማን እንደምትሰጥ እንዳላወቀ ሰው ለአፍታ ያዘችው። አባይነሽ እጇን ዘረጋች።

«የትኛው ነው እዚህ ያለው?»

«ጎዙና መርፌው አለ። ሁለቱ ግን…»

«ከውጭ» አለች አባይነሽ።

«ከውጭ።»

አባይነሽ ወረቀቱን መዳፏ ውስጥ አጠፈችው። የጆሮ ወርቋን ያወለቀችው ደረጃው ላይ ስትደርስ ነው፤ ባሏ እንዳያዩ። እሳቸው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋት ኖረዋል። የእርምጃዋ ድምፅ ደረጃው ላይ ቆም ማለቱን ሰሙ፤ ለምን እንደቆመ አወቁ፤ እስኪቀጥል ጠበቁና ካቆሙበት መሥመር ዳዊታቸውን ቀጠሉ።